ሦስት ሜትር ከአሥር

ሻንቆ ኦሞን የሚያውቀው በፍርሃት ነው። ከ1984 እስከ 1987 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናብ ባበቃ ቁጥር ከአዲስ አበባ ቱሪስት ይዞ የሚመጣ አንድ ድርጅት ቀጥሮት፣ በጎማ ጀልባ ነጭ አረፋ በሚደፍቀው ውሃ ላይ ሲቀዝፍ ቆይቷል። በአራቱ ዓመት አንድም ሰው አልሞተባቸውም። ሰው ጎበዞች ስለነበራችሁ ነው ሲለው፣ «ፈሪዎች ስለነበርን ነው» ይላል።

ድርጅቱ ሥራውን ዘግቶ ሲሄድ አንድ አሮጌ ጀልባና ስምንት የመንሳፈፊያ ጃኬት ቤሌ ከተማ ውስጥ ጥሎ ሄደ። ሻንቆም እዚያው ቀረ። ወንዙ ዳር በተተከለ የብረት ዘንግ ላይ የውሃውን ከፍታ ጧትና ማታ እያነበበ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። ተተኪ ባገኘ ቁጥር ሶዶ ወዳለው ቤቱ፣ ወደ ሚስቱ ወደ እታፈራሁ ይወጣል። ያለበለዚያ ቆላው ውስጥ ከወባውና ከመዝገቡ ጋር ይውላል።

በ1994 ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንድ ፒክአፕ አቧራውን እየጎተተ ደጁ ላይ ቆመ። የወረዱት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ነበሩ። ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን የሆነበት አንደኛ ዓመት ኅዳር ላይ ሊከበር ነው፤ እሳቸው ደግሞ የአዘጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው።

«አቶ ሻንቆ፣ ይህ ወንዝ እስከ ዛሬ ዝም ብሎ ሲፈስ ኖሯል» አሉት፣ ኮፍያቸውን እያራገቡ። «ከእንግዲህ ለአገር እናሳየዋለን። ስድስት የወላይታ ልጆች ኦሞን በጀልባ ሲሰነጥቁት በቴሌቪዥን ይታያል። እርስዎ አደጋ እንዳይኖር ዕቅዱን ይጻፉልን፤ ልጆቹንም ያሠልጥኑ።»

ሻንቆ ከሰባት ዓመት ወዲህ የሚያውቀውን ነገር የጠየቀው ሰው አልነበረም። የጠየቁት ቁጥር ብቻ ነው። ደስ አለው። ደስታው እንዳይታይበት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ አጠበቀ።

በማግስቱ አምስት ጎረምሶችና አንዲት ሴት መጡ። ሴቲቱ ፈጠነች ትባላለች፤ አረካ ውስጥ የስፖርት መምህርት ናት። ቁመቷ አጭር ነው፣ ትከሻዋ የእንጨት ጫኝ ትከሻ ይመስላል። ጎረምሶቹ ጀልባው ላይ ለመውጣት ሲሻሙ እሷ ሻንቆን ተከትላ ዳር ዳሩን ሄደች።

«ጋሽ ሻንቆ፣ ቢገለበጥስ?» ስትል ጠየቀችው። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህ ነበር።

ሻንቆ ያን ቀን ወደዳት። «በጀርባሽ ተኚ። እግርሽን ወደ ፊት፣ ጣቶችሽን ወደ ላይ። ድንጋይ ቢመጣ በጫማሽ ትረግጪዋለሽ። ለመቆም እንዳትሞክሪ፤ እግርሽ ከድንጋይ ሥር ከተሰነቀረ ውሃው ያስተኛሻል፣ አያስነሳሽም።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ወንዙን በእግር ለኩት። ውሃውን ከጀልባ ላይ ከማንበብ በፊት ከምድር ላይ ማንበብ እንደሚገባ፣ ለስላሳ ጉብታ ከሥሩ ቋጥኝ እንዳለው፣ ጉማሬ ያለበትን ኩሬ በየት በኩል ማለፍ እንደሚሻል አሳያት። በመጨረሻም ወፍጮ ወደሚባለው ቦታ ወሰዳት። እዚያ ወንዙ በሁለት ገደል መሀል ጠቦ፣ ከቤት የሚተልቅ ቋጥኝ ላይ ይወጣና ከቋጥኙ ሥር ወደ ራሱ ተመልሶ ይፈጫል። ግንድ ቢገባበት ልጡን ልጦ ነው የሚተፋው።

«ይህንን እንዴት ነው የምናልፈው?» አለች ፈጠነች፣ ድምፁን ለማሸነፍ እየጮኸች።

«አናልፈውም። ጀልባውን ተሸክመን በእግራችን እንዞራለን። እኛ በአራቱ ዓመት አንድም ቀን አልገባንበትም።»

ዕቅዱን በእጁ ጻፈው፤ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። ዘንጉ ላይ ውሃው ከአንድ ሜትር ከስድሳ በላይ ከሆነ ጉዞ የለም። ከስምንቱ ጃኬት ሦስቱ ተቀዷልና ከአዲስ አበባ አዲስ ይምጣ፤ የራስ ቁር የሌለው ሰው አይሳፈር። ከእያንዳንዱ ኃይለኛ ውሃ በታች ገመድ የያዙ ሁለት ሁለት ሰዎች ይቁሙ። ወፍጮ በእግር ይታለፍ። መኪናና የሕክምና ባለሙያ ታች ይጠብቁ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ሰው ሊሳሳት የሚችልበትን ቀዳዳ ሁሉ እየደፈነ ሄደ።

ሶዶ ላይ ኮሚቴው ሲሰበሰብ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ዕቅዱን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት።

«ግሩም ነው። ግን ወፍጮን በእግር ካለፉት እንግዳው ምን ሊያይ ነው? ዳሱ የሚተከለው እዚያ ነው። ካሜራውም እዚያ ነው።»

«ካሜራው ከታችኛው ውሃ ላይ ይሁን» አለ ሻንቆ። «እሱም ያምራል።»

«መንገድ የለውማ! ደግሞ አሁን ውሃው ስንት ነው?»

«አንድ ከሰማንያ አምስት። አሥር ቀን ብንጠብቅ ይወርዳል።»

«በዓል ይጠብቃል እንዴ?» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። ተሰብሳቢው ሳቀ። «ጃኬቱን እናሰፋዋለን። ገመድ ያዦቹ ይቀራሉ፤ የወጣቶቹ ጉልበት ይበቃል። እርስዎ ብቻ ይፈርሙ።»

ሻንቆ አልፈረመም። ብድግ ብሎ፣ «እንዲህ ከሆነ ይገለበጣል» አለ። «ይገለበጣል። እኔ የለሁበትም።»

ፈጠነች ደጅ ትጠብቀው ነበር። ነገራት። እንደምትከተለው እርግጠኛ ነበር። እሷ ግን፣ «እኔ ከቀረሁ አምስቱ ምንም የማያውቁ ናቸው፤ ማን ይምራቸው?» አለች። ምክንያቷ እውነት ነበረው። ሻንቆ ግን የሰማው ሌላ ነገር ነው። ዓይኗ ውስጥ ዳሱና ካሜራው ታየው። ሳይሰናበታት ሄደ።

በበዓሉ ቀን ከሕዝቡ ርቆ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመ። ሰው ከቦዲቲ፣ ከአረካ፣ ከሁምቦ ሳይቀር በመኪና ተጭኖ መጥቷል። ጀልባዋ ከላይኛው መታጠፊያ ብቅ ስትል ጩኸቱ አካባቢውን አናወጠው። ፈጠነች ከኋላ ተቀምጣ ታዛለች። ያን ጊዜ ሻንቆ ከገዛ ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ሲወጣ ሰማ። *ይገልብጠው።* ሰው ይሙት አላለም። አንዴ ብቻ ይገልብጣቸውና ይዩት ነው ያለው። ግን አለ።

ጀልባዋ ወፍጮ ውስጥ ገባች። አረፋው ዋጣት። ከዚያ የቋጥኙን ጎን ገጭታ፣ ክብ ዞራ፣ ፊቷን ወደ ኋላ አድርጋ ተተፍታ ወጣች። ሕዝቡ ሆን ብለው ያዞሯት መስሎት በእልልታ ቀለጠ። ዕድል መሆኑን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ገደሉ ላይ ቆሟል፣ ሌላዋ ጀልባዋ ውስጥ መቅዘፊያዋን ወደ ላይ አንስታለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶዶ ውስጥ የሻንቆ ስም «ይገለበጣል» ሆነ። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ሊጠጣ ሲቀመጥ፣ «አቶ ይገለበጣል፣ ብርጭቆውን ጠበቅ አድርገው!» ይሉታል። ጸሎት ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ስለ እምነት ሲሰብኩ፣ ጴጥሮስ በውሃ ላይ ሲራመድ ፈርቶ መስጠሙን አንስተው ወደ እሱ አየት አደረጉና ምዕመኑ ፈገግ አለ። እታፈራሁ ገበያ ውላ ስትመለስ ዘንቢሏን ጥላ አለቀሰች።

«ምናለ ዝም ብትል ኖሮ?» አለችው። «አላለቁም! ሰው እንዳያልቅ የተመኘህ ሳይሆን እንዲያልቅ የተመኘህ ነው የመሰልከው።»

ያለችውን ከእሷ በቀር ማንም ቢለው ይሻለው ነበር።

ፈጠነች በሬዲዮ ቀርባ ተናገረች፤ የዞኑን አስተዳደር፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስን፣ ወጣቶቹን አመሰገነች። የሻንቆን ስም አልጠራችም። በኋላ ግማሽ ኪሎ ስኳርና አንድ ጠርሙስ ማር ይዛ ቤሌ ድረስ መጥታ፣ «ጋሽ ሻንቆ፣ ስምዎን እንዳልጠራ ነግረውኝ ነው። ያለፍነው እርስዎ ባስተማሩኝ ነው» አለችው። ማሩን ተቀበላት። ተቀመጪ አላላትም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ውሃው ወጣ፣ ወረደ፤ ሻንቆ ጻፈ። ስድቡ ከሰው አፍ ጠፋ፤ ከሱ ሆድ ግን አልወጣም። ማታ ማታ ፋኖሱን ለኩሶ መዝገቡን ሲያገላብጥ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። የጠየቁኝን ብቻ እመልሳለሁ።

በ1996 መስከረም፣ ለጊፋታ በዓል፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ፈጠነች የምትመራውን ጉዞ እንደገና አሰቡት። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከመስከረም አይዘልም። መስከረም ደግሞ ኦሞ የሞላበት ወር ነው። ለሻንቆ የደረሰው ደብዳቤ ባለ ሁለት መስመር ነበር። እስከ በዓሉ ዋዜማ ድረስ የየዕለቱን የውሃ ከፍታ በስልክ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ሌላ ምንም አይልም። ዕቅድ አልጠየቁትም፤ ሰው አንዴ በሰላም ካለፈበት ቦታ ዕቅድ ምን ያደርጋል?

ሻንቆ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በየቀኑ ቤሌ ወጥቶ ደወለ። ሁለት ሜትር ከሰባ። ሁለት ከዘጠና። ሦስት ሜትር። ስልኩን የምታነሳው ጸሐፊ «እሺ፣ ጻፍኩ» ትለዋለች። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም። አቶ ሀብተጊዮርጊስም አያውቁም። የሚያውቀው ደዋዩ ነው።

በዋዜማው፣ ቀትር ላይ፣ ፈጠነች ብቻዋን መጣች። ይዟት የመጣው መኪና ጭቃ ውስጥ ስለቆመ ወርዳ በእግሯ ነው የደረሰችው፤ ጫማዋ በጭቃ ተሞልቷል። ሻንቆ ደጁ ላይ ተቀምጦ ድንች የመሰለውን ቦየ እየላጠ ነበር። ወንዙ ከታች ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ እያጉረመረመ ይወርዳል።

«ጋሽ ሻንቆ፣ ደህና ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ውሃው እንዴት ነው?»

«ቁጥሩን ልኬያለሁ።»

ፈገግ አለች። ቀጥሎ የሚናገር መስሏት ጠበቀች። እሱ ቦየውን ላጠ።

«ስንት ነው?»

«ሦስት ሜትር ከአሥር።»

«ያን ጊዜ የሄድነው ስንት ላይ ነበር? ረሳሁት።»

ሻንቆ አልረሳውም። አንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት። በእንቅልፉም ቢጠይቁት ይመልሰዋል። በሁለቱ ቁጥሮች መሀል እስከ ትከሻዋ የሚደርስ ውሃ አለ። ወፍጮ በሦስት ሜትር ጀልባ አይተፋም፤ ይህንንም ያውቃል። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ሬዲዮው ትዝ አለው፤ የምስጋናው ዝርዝር፣ የምዕመኑ ፈገግታ፣ የእታፈራሁ ዘንቢል።

«መዝገብ ላይ አለ» አለ።

የመዝገቡ ሣጥን ከበሩ ጀርባ ነበር፤ ፈጠነች ልየው ብትል ይሰጣት ነበር። እሷ ግን ከፊቱ ላይ የፈለገችውን አጣች መሰል፣ ፊቷ ቀስ እያለ ተዘጋ። «እሺ። መልካም ጊፋታ ይሁንልዎ» ብላ ቁልቁለቱን ጀመረች። መታጠፊያው ላይ ዞራ አየችው። ሻንቆ ቀና አላለም፤ ግን መዞሯን አየ።

ሌሊቱን አልተኛም ቢባል ውሸት ነው፤ ተኝቷል። ጧት ግን ሲነሳ እጁ በራሱ ሄዶ ከጣራው ሥር የተሰቀለውን ረጅም ገመድ አወረደ። ማንም አላዘዘውም። ገመዱን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ ከወፍጮ በታች ካለው ድንጋይ ላይ ወረደና ተቀመጠ። ከላይ ዳሱ ውስጥ ዘፈኑ ደርቷል። ሰው አፉ ያልተናገረውን በእጁ ሲያደርግ ምን ይባላል? ሻንቆ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ይህንን ሲጠይቅ ኖሯል።

ጀልባዋ መታጠፊያው ላይ ስትታይ ቀድሞ የተሸነፈች ነበረች። ውሃው እንደ ቅጠል ይዟት መጣ። ፈጠነች ወደ ቀኝ ዳር ልታወጣቸው ስትጮህና ስትቀዝፍ አያት፤ ገና ከላይ ሆና ገብቷታል። አራት መቅዘፊያ አብሯት ወደ ውሃው ወረደ፤ አንደኛው ጎረምሳ ግን ለካሜራው እጁን እያወዛወዘ ነበር። ወፍጮ ጀልባዋን ከፊት በኩል አቁሞ አነሳትና ገለበጣት።

ሻንቆ ገመዱን ወረወረ። ታምራት የሚባለው ጎረምሳ ያዘው፤ ሻንቆ መዳፉ እየተላጠ ጎትቶ አወጣው። እንደገና ወረወረ። ሦስቱ ራሳቸው ታች ካለው አሸዋ ላይ ተጣሉ፤ አራተኛውን ታምራት ተመልሶ በእጁ ያዘው። ፈጠነች አንዴ ብቻ ታየች። በጀርባዋ ተኝታ፣ እግሯን ወደ ፊት አድርጋ፣ ልክ እንደተማረችው ነበር። ጃኬቷ ከጎኑ ተተርትሯል። ገመዱ ከእጇ አንድ ክንድ ርቆ ወደቀ። ከዚያ የወንዙ አዙሪት ወደ ኋላ ሳባት።

በሦስተኛው ቀን ከታች በኩል፣ ዳውሮ ዳርቻ፣ ዓሣ አጥማጆች አገኟት።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከአንድ መሳቢያ ውስጥ የሻንቆ አሥራ አንድ ገጽ ወጥቶ ሶዶ አዳራሽ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። በየአንቀጹ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። የየዕለቱ ቁጥርም ተነበበ፤ አንድም ቀን አላጎደለም። «ይህ ሰው ያላስጠነቀቀው ነገር የለም» ተባለ። ታምራት እያለቀሰ እግሩ ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ጸሎት ቤት ውስጥ በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቁት። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ለትምህርት አዲስ አበባ ተላኩ። ለሻንቆ የምስክር ወረቀት በመስታወት ተሠርቶ ተሰጠው፤ እታፈራሁ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ምስማር ስትፈልግ ቀምቷት ከአልጋ ሥር ከተተው።

«ምን ሆነሃል?» አለችው። «እውነትህ ወጣ አይደል?»

«ወጣ» አላት።

በአርባዋ አረካ ሄደ። የፈጠነች እናት ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ጥቁር ለብሰው፣ ከእንሰቱ ጥግ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰው ገለል ሲል አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ልጄ በዋዜማው አንተ ዘንድ መጥታ ነበር አሉ» አሉት። «አንተን ሳልጠይቅ አልሄድም ብላኝ ነው ከዚህ የተነሳችው። ምን አልካት?»

ሻንቆ እውነቱን ሊናገር ነበር የመጣው። አረካ እስኪደርስ መኪና ውስጥ ሲደጋግመው ነበር። የሴትዮዋን ዓይን ሲያይ ግን ወደ መሬት አቀረቀረ።

«እንዳትሄድ ለመንኳት» አለ።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «አልሰማችህም» አሉ። «ድሮም አትሰማም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ልቧ ደረቅ ነበር።» እጁን ይዘው የተላጠውን መዳፉን አዩና ሳሙት። «አንተስ የምትችለውን አድርገሃል፣ ወንድሜ።»

ያን ቀን ምን እንዳለ፣ በየት እንደወጣ አያውቅም።

ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ሄደ። መዋሸቱን ሊነግራቸው ቆርጦ ነበር። ሲገባ ቤቱ ውስጥ ሴቶች ተሰብስበዋል። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ገና ሲያዩት ብድግ አሉ። «ይኸው ሰውዬው! የነገርኳችሁ» አሉ። «አትሂጂ ብሎ የለመናት። ሰው አልነበራትም አይባልም፤ መካሪ አጥታ አልሞተችም። ይህንን ባላውቅ ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ አብጄ ነበር።» ሴቶቹ በአክብሮት ቦታ ለቀቁለት።

ሻንቆ ቆሞ ቀረ። ያቺ እናት የምትደገፍበትን ምርኩዝ አየው። የገዛ ውሸቱ ነበር። ቢወስድባት ትወድቃለች፤ ቢተውላት ልጇ ዘላለም ልበ ደረቅ ተብላ ትኖራለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል አላወቀም፤ የቀለለውን መረጠ።

ተቀመጠ። ያቀረቡለትን ከእንሰት የተሠራ ሙቹዋ በዳጣ በላ። ስለ ፈጠነች እልኸኝነት ሴቶቹ በየተራ ሲያወሩ፣ አንዷ ወደ እሱ ዞራ፣ «እውነት ነው፣ ጋሼ?» ብላ ጠየቀችው።

«እውነት ነው» አለ ሻንቆ፤ ተነሥቶም የመጨረሻውን መኪና ለመጠበቅ ወጣ።